ጥፋቱ የቫልቩ አልነበረም

ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ጋራዥ፣ አንድ አሮጌ መኪና ገባ። የጭነት መኪና ነው፤ ላዩ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። የውጭ አገር ባልና ሚስት አገር ይዞሩበታል። ከባሕር ዳር ጀምሮ የሚነዳላቸው ግን የኛው ልጅ ነው። ፍሬኑ የሚሠራበትን አየር አልይዝ ብሎታል። በማግስቱ ደግሞ አባይን ሊወርዱ ነው።

«ጋሼ፣ ሪሌ ቫልቩ ነው የሚያስተነፍሰው። እሱን ብቻ ቶሎ ቀይሩልኝ» አለኝ። ሪሌ ቫልቭ ፔዳሉ ሲረገጥ የታንከሩን አየር ወደ ኋላ ፍሬን የሚለቅ ነው።

«ይኼ እኮ አዲስ ነው።»

«አዎ፣ መንገድ ላይ ያለ ጋራዥ ነው የቀየረልኝ። ከሱ በፊትም ቀይረውት ነበር። ዕቃው ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም።»

ጎማዎቹን በታኮ አስያዝን። አየሩ 8 ባር ሲሞላ ሞተሩን አጠፋን። የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ ዝም ነው። ስንለቀው ከቫልቩ ማስወጫ ፍስስስ ማለት ጀመረ። መልሰን ስንይዘው ጸጥ።

ሪሌው አየር የሚያገኘው በቀጥታ ከታንከሩ ነው። የሱ ጎሚኒ ቢበላ ኖሮ የእጅ ፍሬኑ ተያዘም ተለቀቀም ማስተንፈሱን አይተውም። ቻምበር የኋላ ጎማዎቹን ፍሬን የሚገፋ ጣሳ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ የፔዳሉ፣ ሌላው የእጅ ፍሬኑን የሚይዘው የስፕሪንጉ። የእጅ ፍሬን ሲለቀቅ አየር የሚገባው የስፕሪንጉ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስፕሪንጉን ጨምቆ ለመያዝ። የመሐሉ ጎሚኒ ካለቀ አየሩ ወደ ፔዳሉ ክፍል ይሾልካል። ከዚያ በፔዳሉ ቱቦ ተመልሶ በሪሌው ማስወጫ ይወጣል። ሳሙና ብትቀቡም አረፋው የሚነሣው እዚያው ቫልቩ ላይ ነው። ቫልቩ በር ነው፤ ሌባው ያለው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

የፔዳሉን ቱቦ ከኋላ ቻምበሮቹ በየተራ ፈታን። የቀኙ ደህና ነው። የግራው አፍ ላይ ጣቴን ሳስጠጋ አየሩ ገፋኝ።

ባትሪ አብርቼ ቻምበሩን ዞሬ ሳየው ነው ክው ያልኩት። የስፕሪንጉን ክፍል የሚያቅፈው ቀለበት ብሎኑ ዝጎ ጠቁሯል። ጠርዙ ላይ ግን አዲስ የቁልፍ ጭረት ያብለጨልጫል።

«ይኼን ማን ነካው?»

«እዚያ ጋራዥ ያለ ልጅ ነው። ሊፈታው ሞክሮ እምቢ ሲለው ተወው።»

«ልጅ ስትል?»

«አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ባትሪ አበራለት ነበር።»

ለጊዜው መናገር አቃተኝ። ያ ስፕሪንግ ታምቆ የተቀመጠ ነው። ቀለበቱ ቢፈታ ክዳኑን ተወርውሮ ፊታቸው ላይ ያገኙት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ገድሏል። ሥራው መጀመሪያ ስፕሪንጉን በማሰሪያው ብሎን ሰብስቦ ማሰር ነው። ከዚያ ቻምበሩን እንዳለ አውርዶ በአዲስ መተካት። ያንን ቀለበት ማንም አይፈታውም። ልጁን ያዳነው ዝገቱ ነው። አሠሪው የት ነበር?

ሾፌሩ ይህን ሁሉ ሰምቶም ልቡ መንገድ ላይ ነው። «ቀስ ብዬ ብወርድስ?» አለኝ።

«ከደጀን በታች ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። በረገጥክ ቁጥር አየር ትጨርሳለህ። በዚያ ላይ ይኼ እያፈሰሰ ነው። አየሩ ሲያንስ ስፕሪንጉ በራሱ መያዝ ይጀምራል፣ የፍሬኑ ሸራ ይግላል። ግሎ ደግሞ ፍሬን የለም። እነዚህ ሰዎች አንተን አምነው ነው የተቀመጡት።»

ቻምበሩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አደሩ። ከተገጠመ በኋላ ሞተር አጥፍተን፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀን ጌጁን አየን። በደቂቃ እስከ 2 ፒኤስአይ (0.14 ባር ገደማ) መውረዱ ችግር የለውም። የኛው መርፌ ግን ንቅንቅ አላለም። ሪሌውን ጨርሶ አልነካነውም።

ሲሄድ ደረሰኙ ላይ የተበላሸው ቻምበር መሆኑን እንድጽፍለት ጠየቀኝ። «የቫልቮቹን ገንዘብ አስመልሳቸዋለሁ» አለ። ጻፍኩለት፤ መብቱ ነው።

«ገንዘቡን ቢመልሱም ባይመልሱም ያንን ልጅ ፈልገህ ስልኬን ስጠው» አልኩት። «አሠሪው ካላስተማረው እኔ ጋ ይምጣ። የመኪናውን አሮጌ ቻምበር አስቀምጥለታለሁ፤ እሱን እያሳየሁ የትኛው እንደሚፈታና የትኛው እንደማይነካ አስተምረዋለሁ።»