ኅብስት በዘይት፦ የቫሌታ የጉዞ ማስታወሻ

ቅዱስ ጳውሎስን ወደ ሮም ይወስድ የነበረው መርከብ በማዕበል ተሰብሮ 276ቱም ነፍስ በደኅና ወደ የብስ የወጡባትን ደሴት በልጅነቴ የማውቃት መላጥያ በሚለው ስሟ ነበር። የሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ላይ የሚነበበው የዝናቡና የብርዱ፣ የአገሬው ሰዎች ለእንግዶቹ ያነደዱት እሳት፣ ከጭራሮውም መካከል ወጥታ የሐዋርያውን እጅ የነደፈችው እፉኝት ታሪክ በአእምሮዬ ተስሎ ስለ ቀረ፣ መላጥያ የዛሬዋ ማልታ መሆኗን ካወቅሁ ጀምሮ አንድ ቀን ላያት እመኝ ነበር። ምኞቴ የሠመረው በፌብሩዋሪ ወር፣ ደሴቲቱ የዚያን የመርከብ መሰበር መታሰቢያ በምታከብርበት ሰሞን ነው።

ያረፍሁት ከታላቁ ወደብ ማዶ ቢርጉ በምትባለው አሮጌ ከተማ ስለ ነበር፣ ወደ ማልታ ዋና ከተማ ወደ ቫሌታ የምሻገረው ጠዋት ጠዋት ዳይሳ በሚሏት ደማቅ ቀለም በተቀባች ትንሽ ጀልባ ነው። ከውኃው ላይ ሆኖ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው ቫሌታ ከአንድ አለት ተፈልፍላ የወጣች ትመስላለች፤ ምሽጉም ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም የተሠራው ከደሴቲቱ በወጣ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ፣ የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ሁሉም የማር መልክ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1565 የኦቶማን ጦር ደሴቲቱን ለአራት ወር ገደማ ከብቦ ሳይሳካለት ከተመለሰ በኋላ፣ በዚያ ዘመን ደሴቲቱን ይገዛ የነበረው የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ማኅበር አለቃ ዣን ዴ ቫሌት በማግስቱ ዓመት ማርች 28 ቀን የመሠረቱን ድንጋይ አኖረ፤ ከተማይቱም በስሙ ተጠራች። ነዋሪዎቿ ግን እስከ ዛሬ «ኢል-ቤልት»፣ ማለትም «ከተማይቱ» ይሏታል። መንገዶቿ ቀጥ ያሉና በቀኝ ማዕዘን የሚቋረጡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ የድንጋይ ደረጃዎች ናቸው። በሁለቱም ወገን ከየቤቱ ግድግዳ የወጡት በአረንጓዴ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ሰገነቶች ከበላይ ተደርድረው ይታያሉ።

ስለ ምግቡ ሳነሣ ስለ ቋንቋው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ገብቼ፣ ከፊቴ የነበሩት አሮጊት ያዘዙትን ምግብ ስሙን ሰምቼ ክው አልሁ። «ሖብዝ ቢዝ-ዜይት» ነበር ያሉት። ሖብዝ የግእዙ ኅብስት ነው፤ ዜይት ዘይት ነው፤ በመካከል ያለችው «ቢ» ደግሞ የእኛው «በ» ናት። ኅብስት በዘይት! ማልትኛ ከአረብኛ የተወለደ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍና ከጣልያንኛ ብዙ ቃል የተዋሰ ሴማዊ ቋንቋ መሆኑን በንባብ አውቅ ነበር፤ ከአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች መካከልም ብቸኛው ሴማዊ እርሱ ነው። ያም ሆኖ በአውሮፓ ምድር ምሳዬን ለማዘዝ የዘመዴን ቋንቋ የምሰማ መሆኔን ከቶ አልጠበቅሁም።

ባለ ሱቁ ቅርፊቱ ጠቆር ያለ ክብ ዳቦ አወጡና ወፈር አድርገው ቆረሱ። ለሁለት የተሰነጠቀ ቲማቲም ወስደው የዳቦው ልብ ቀይ እስኪሆን ድረስ ፈተጉበት፣ የወይራ ዘይቱን ሳይሳሱ አፈሰሱበት፣ ከዚያም በጨው የቆየ ካፐር የሚባል ቁጥቋጦ እምቡጥ፣ የወይራ ፍሬ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ጥቂት ቱና ጨመሩበት። ቅርፊቱ ጥርስ ይፈትናል፤ ውስጡ ግን ለስላሳና ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነው። ኮምጣጣነቱ ከየት እንደ መጣ ስጠይቃቸው፣ ዳቦው የሚመጣው በምድጃዎቿ ከጥንት ጀምሮ ከታወቀችው ከኮርሚ ከተማ እንደ ሆነና የሚቦካውም ከትናንቱ ሊጥ በሚቀር እርሾ እንደ ሆነ ነገሩኝ። እርሾ ከቡሖ እቃ ሥር ሲቀመጥ እያየ ላደገ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። ዓሣው ቢቀርለት ደግሞ የተሟላ የጾም ምግብ ነው።

ከሰዓት በኋላ በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1608 የሣለውን የመጥምቁን አንገት መቆረጥ የሚያሳይ ሥዕል ፊት ለፊት ብዙ ቆየሁ። ሠዓሊው ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙን የጻፈበት ይህ ብቻ ሲሆን፣ የጻፈውም ከዮሐንስ አንገት በፈሰሰው ደም ውስጥ ነው።

የበዓሉ ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 10፣ ከተማይቱ በሙሉ በቅዱስ ጳውሎስ ጎዳና ላይ የፈሰሰች መሰለኝ። በስሙ በታነጸው ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያው የእጅ አንጓ አጥንት ነው ተብሎ የሚከበር ቅርስ አለ፤ እፉኝቲቱ የነደፈችውን እጅ እያሰብሁ በፊቱ ቆምሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸው የእንጨት ሐውልት በተሸካሚዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ሲወጣ የነሐስ ማርሽ ባንዶች መምታት ጀመሩ፣ ከሰገነቶቹም ላይ የተቆራረጠ ወረቀት እንደ በረዶ ወረደ። ከየመንገዱ ዳር ተምር ተሞልቶ በዘይት የተጠበሰ ኢምቃሬት ይሸጣል፤ ሽታው ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ተሸካሚዎቹ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ሳይ የጥምቀት ዕለት ታቦት የሚያጅቡ ወጣቶች ትዝ አሉኝ።

ከጎኔ አንድ ወጣት በስልክ በአማርኛ ሲነጋገር ሰምቼ ሰላም አልሁት። ከዓመታት በፊት ከሊቢያ ተነሥቶ በጀልባ እንደ ደረሰና አሁን በግንባታ ሥራ እንደሚተዳደር አጫወተኝ። የበዓሉን ምክንያት ያውቅ እንደ ሆነ ስጠይቀው ዓይኑን ከሐውልቱ ሳይነቅል፣ «አውቃለሁ ጋሼ፤ እኛም እኮ እንደሱ በባሕር ነው የመጣነው» አለኝ። ሌላ አልተናገረም፤ እኔም አልጨመርሁም። ሐውልቱ ወደ መቅደሱ እስኪመለስ ድረስ አብረን ቆምን።

በማግስቱ፣ ከመነሣቴ በፊት፣ ወረቀቱ በርሶ ከደረጃዎቹ ላይ ተጣብቆ ሳለ ወደዚያች ሱቅ ተመልሼ ለመንገድ ሁለት ዳቦ ገዛሁ። ሽማግሌው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና መልሴን ሳንቲም በሳንቲም መዳፌ ላይ እያኖሩ ይቆጥሩ ጀመር፦ «ትሊየታ፣ ኤርባ፣ ሐምሳ…» እኔም ከሥር ከሥራቸው ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ኀምስቱ እያልሁ ተከተልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ፤ ከዚያም ገንዘቡ ያለቀ ቢሆንም እስከ አሥር ድረስ አብረን ቆጠርን።