የዱቤ መዝገባችንን በክላውድ ስጠብቅ የተማርሁት

ደሴ ውስጥ በሚገኝ የሕንፃ መሣሪያ ጅምላ ማከፋፈያ በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ፤ መጋዘናችን ኮምቦልቻ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ነፍሳችንን ለማዳን ስንወጣ፣ የሽያጩና የዱቤው መዝገብ የነበረበት ኮምፒውተር ሱቁ ውስጥ ቀረ። በታኅሣሥ ስንመለስ ኮምፒውተሩም ደብተሮቹም አልነበሩም። ብዙ ደንበኞቻችን ያለባቸውን ዕዳ ራሳቸው እየመጡ ነገሩን፤ ይህን ታማኝነታቸውን መቼም አልረሳውም። ይሁን እንጂ ተፈናቅለው ሳይመለሱ የቀሩትን ሰዎች ሒሳብ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

በዚያው ዓመት መዝገቡን ወደ ክላውድ አዛወርነው፤ ማለትም በኪራይ በምንጠቀምበት፣ ከአገር ውጭ ባለ የመረጃ ማዕከል እንዲቀመጥ አደረግን። የድርጅቱ ባለቤት ጋሼ «ከእንግዲህማ አብሽሪ» አሉኝ፤ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም ነበር። ከወራት በኋላ የሩብ ዓመት ሒሳብ ለመዝጋት ስቀመጥ ከዱቤው መዝገብ የአንድ ሙሉ ወር ገጽ እንደሌለ አየሁ። ከመካከላችን አንዱ በስህተት ሰርዞት ኖሯል፤ ፋይሉን በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት የሚያደርገው አሠራርም ስረዛውን በቅጽበት ወደ እያንዳንዳችን አድርሶታል። አገልግሎቱ የተሰረዘ ነገር የሚያቆየው 30 ቀን ብቻ ስለነበረ ጊዜው አልፎብን ነበር። አምስታችን በአንድ የይለፍ ቃል እንገባ ስለነበረም ማን እንደሰረዘው ማወቅ አልተቻለም። ወሩን ከደረሰኝ ቀሪዎች እየለቀምሁ መልሼ ጻፍሁት።

በዚያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር አከራዩ የሚጠብቀው ሕንፃውን፣ መብራቱን፣ ማሽኑንና መሠረታዊውን ሶፍትዌር እንጂ የእኛን በር አለመሆኑ ነው። ማን ይገባል፣ የገባውስ ምን ማድረግ ይፈቀድለታል የሚለው የተከራዩ ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መግቢያ ከፈትሁ፤ የኮምቦልቻው የመጋዘን ሠራተኛ የወጣ ዕቃ መመዝገብ ይችላል፣ መሰረዝ ግን አይችልም። ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያ በዚያው ዕለት ይዘጋል። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ቁጥር የሚሰጥ የስልክ መተግበሪያ አስገባን፤ በአጭር መልእክት ከሚላከው ኮድ ይልቅ ይህን የመረጥሁት ስልኩ ኔትወርክ ባይኖረውም ቁጥሩን ስለሚያወጣ ነው።

ቀጥሎ የመጠባበቂያ ቅጂው ጉዳይ መጣ። ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሥራ ቦታ ውጭ ይሁን ይላሉ። በመጀመሪያ «ከሥራ ቦታ ውጭ» የሚለውን በኮምቦልቻ አሟላሁት ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው ኮምቦልቻ በዚያ ጥቅምት ከደሴ ጋር አብራ ተፈትናለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው የክላውድ አከራይ ድርጅት የመረጃ ማዕከል ሲቃጠልም፣ መጠባበቂያቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ከዋናው በተለየ አካውንትና በሌላ አገር፣ ለተወሰነ ጊዜ እኔም ራሴ እንዳልሰርዘው አድርጌ ቆለፍሁት። ሌላው ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ በምስጠራ የተዘጋ ሃርድ ዲስክ ሲሆን ጋሼ ቤት ይቀመጣል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራችን ያልቆመው በዚህ ዲስክ ነው። የየዕለቱን ሽያጭ በነባሩ ላይ ሳንደርብ በየቀኑ አዲስ ፋይል እየከፈትን ስለጻፍን፣ መስመሩ ሲመለስ ሁለቱን መዝገቦች ያለ ግጭት አገናኘናቸው።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ቅጂውን መልሼ ለመክፈት የሞከርሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ፋይሉ ተከፈተ፣ የገንዘቡ ቁጥር ሁሉ በቦታው ነበረ፤ የደንበኞቹ ስም ግን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነበር። መዝገቡን ከፕሮግራሙ ሳወጣ የግዕዝ ፊደልን በማይችል አቀማመጥ አስቀምጬው ኖሯል፤ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መምረጥ ነበረብኝ። ይህን ያህል ወራት ስጠብቀው የኖርሁት የባለዕዳዎች ዝርዝር ባለቤት አልነበረውም ማለት ነው። ዋናው መዝገብ ደኅና ስለነበረ በዕለቱ አርሜ እንደገና አወጣሁት። ቅጂ መውሰድና ቅጂ መክፈት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ብዙ ነጋዴዎች የሚገነዘቡት ችግር ላይ ከወደቁ በኋላ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ መዝገቡን ከቅጂው ላይ በባዶ ኮምፒውተር እከፍታለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የደንበኞችን ስልክና አድራሻ የሚያዩትን ሰዎች ወደ ሁለት ስላሳነስሁ፣ ለዚህ ሥራ ከጋሼ ጋር ብቻ እንቀመጣለን። እኔ ከስክሪኑ ስምና ዕዳ አነባለሁ፣ እርሳቸው ከወረቀቱ ደረሰኝ ያመሳክራሉ፤ ሃያ ስም ያለ ስህተት ካለፈ ዲስኩን ዘግተን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን።