በነጩ ቅርፊት ስንጨነቅ ያላየነው

የውሃ ማፍያችንን በከፈትኩ ቁጥር ነጭ ቅርፊት ነበር የሚቀበለኝ። የሻወሩ ቀዳዳዎች ግማሾቹ ተደፍነዋል። ሳሙና ቢያሹት ቢያሹት አረፋ አያወጣም። የግቢው ሰው ወሬም ይኸው ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት በር ላይ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ ብረት ላይ እንዲህ የሚጋገር ኩላሊታችንንስ ምን ያደርገው ይሆን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ለመላው ግቢ ትልቅ የውሃ ማለስለሻ ይገዛ የሚል ሐሳብ ተነሳ። እኔ ደግሞ ሳንለካ አንግዛ አልኩ። ሥራው በዚያው ለእኔ ተሰጠ።

የጀመርኩት በስህተት ነው። እንደ እስክሪብቶ የምትያዝ፣ ውሃ ውስጥ ስትነከር ቁጥር የምታሳይ መለኪያ ተዋስኩ። 410 አለች። «የውሃችን ጠጣርነት 410 ነው» ብዬ ለብዙ ሰው ተናገርኩ። መመሪያዋን በደንብ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። መሣሪያዋ የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው፤ ከዚያ ተነስታ በውስጡ የሟሟውን ነገር ሁሉ በጅምላ ትገምታለች። ጨው ቢጨመርበትም ቁጥሩ ይወጣል። ጠጣርነት የሚባለው ግን በዋናነት የካልሲየምና የማግኒዚየም ጉዳይ ነው። ለነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ እየዞርኩ አስተካከልኩ።

ቀጥሎ በጠብታ የሚሠራ መመርመሪያ ገዛሁ። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳል፤ ማቅለሚያው ሲገባበት ቀይ ይሆናል። ከዚያ ጠብታ እየቆጠሩና እየነቀነቁ ሰማያዊ እስኪሆን መጠበቅ ነው። በእኔ መመርመሪያ አንዱ ጠብታ በሊትር 17.8 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። 14ኛው ጠብታ ላይ ቀለሙ ተቀየረ። ስለዚህ 250 አካባቢ ነው። ከ180 በላይ የሆነ ውሃ በጣም ጠጣር ይባላል።

ከሦስቱም ሕንፃዎች ዘጠኝ ቤቶችን ለካሁ፤ ወደ ግቢው የሚገባውን ዋና መስመርም ጨመርኩ። ሁሉም 14 ወይ 15 ጠብታ ሆነ። ስለዚህ ቧንቧውም ታንከሩም ጥፋት የለባቸውም፤ ውሃው ይህን ይዞ የመጣው ከመሬት ውስጥ ነው። የዝናብ ውሃ በአፈር ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ትንሽ አሲድነት ያገኝና የኖራ ድንጋይን ያሟሟል። ስናፈላው ጋዙ ያመልጣል፤ የሟሟው ድንጋይም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ቅርፊቱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጠጣርነት ጤናን መሠረት ያደረገ ገደብ አላስቀመጠም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነታችንም የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። ለእኚያ እናት ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። የክሎሪን መመርመሪያ ወረቀቶች ስለነበሩኝ ግን እነሱንም ሞከርኩ። ዋናው መስመር 0.5 ሚሊግራም በሊትር አሳየ፤ ሁለቱ ሕንፃዎች 0.3። ሦስተኛው ሕንፃ ዜሮ ሆነ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ዜሮ። ክሎሪን ውሃው ውስጥ የሚጨመረው ጀርም እንዲገድል ነው፤ ዜሮ ማለት ከጀርም የሚከላከልልን አልቋል ማለት ነው። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ሽታም የለውም። የዚያ ሕንፃ ነዋሪዎች እንዲያውም «የእኛ ውሃ ክሎሪን ክሎሪን አይልም» እያሉ ያመሰግኑት ነበር።

ጣሪያው ላይ ወጣን። የታንከሩ ክዳን ተንሸራቷል፤ ታች ጣት የሚያህል ደለል ተኝቷል።

ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ወሰድኩ። መጀመሪያ ባጠብኩት የለስላሳ ጠርሙስ ስለወሰድኩት አልተቀበሉኝም፤ ልክም ነበሩ። ለጀርም ምርመራ ከተህዋስያን የጸዳ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ መድኃኒትም አስቀድሞ ይገባበታል። የቧንቧውን አፍ አጽድቶ ውሃውን ለጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ፣ ናሙናውን በቅዝቃዜ ይዞ በዚያው ቀን ማድረስም አለ። በሁለተኛው ሙከራ ኢ. ኮላይ ተገኘበት፤ ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት አይገባውም።

ያን ማታ በየበሩ ዞርን። ታንከሩ ተጠርጎ ሌላ ምርመራ እስኪደረግ ማንም ሳያፈላ እንዳይጠጣ ነገርን። ከዚያ ታንከሩ ባዶ ተደረገ፣ ተፈገፈገ፣ በክሎሪን ታጠበ፤ ክዳኑም በደንብ ተገጠመ። የሚቀጥለው ውጤት ንጹሕ ሆኖ መጣ። ያን ወረቀት ሳይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ሕንፃ ጨቅላ ሕፃናት አሉ።

የማለስለሻው ነገርስ? ለመላው ግቢ አልገዛንም። በጨው የሚሠራው ማለስለሻ ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። 250 ያህል ጠጣርነት ሲወገድ በየሊትሩ 115 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይጨመራል። ጨው ቀንሱ የተባሉ ጎረቤቶች አሉን። ስለዚህ ወደ ቦይለሮቹ የሚሄደው መስመር ላይ ብቻ ገባ፤ የመጠጡ ቧንቧ እንዳለ ቀረ። የቦይለሩንም ሙቀት 60 ዲግሪ ላይ አደረግነው። ሲበዛ ቅርፊቱ ይፈጥናል፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ደግሞ ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። የውሃ ማፍያውን ቅርፊት በሲትሪክ አሲድ ወይም በኮምጣጤ ማስለቀቅ ቀላል ነው። ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም እንዳትቀላቅሉት፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አሁን በየደረጃው መግቢያ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በየሳምንቱ ክሎሪኑ ይመዘገባል፤ በየስድስት ወሩ ታንከሮቹ ይጠረጋሉ። የሦስተኛውን ሕንፃ የሚለኩት እኚያ በር ላይ ያስቆሙኝ እናት ናቸው። ባለፈው ሳምንት የክሎሪን መመርመሪያው 0.1 ብቻ ሲያሳያቸው ማንንም ሳይጠብቁ ደወሉልኝ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጣሪያው ወጣን።