ስልክ ከመደወሌ በፊት ማንበብ የነበረብኝ መስመር

ደብዳቤው የደረሰኝ በ2024፣ እንቁጣጣሽ ሳምንት ሲቀረው ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሥራ ስመለስ የፖስታ ሳጥኔን ከፈትኩ። ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያዎች መሀል አንድ ስስ ፖስታ አለ። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት 1,186 ዶላር ከ40 ሳንቲም አለብሽ ይለኛል።

ጉልበቴ ራደ። እኔ የሰው ገንዘብ ይዤ አላውቅም። ዕቁብ እንኳ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። በእኛ ሰው ዘንድ “ኮሌክሽን ገባባት” (ዕዳዋ ለሰብሳቢ ተሰጠ) ሲባል እንደ ነውር ነው የሚወራው። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለባለቤቴም ጭምር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓቴ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደወልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ስልክ ነው።

ያነሳው ሰው ድምፁ ለስላሳ ነበር። “ለማረጋገጥ ያህል” ብሎ የትውልድ ቀኔንና የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት መለያ) ቁጥሬን የመጨረሻ አራት አሃዞች ጠየቀኝ። ሰጠሁት። እሱ ማን እንደሆነ ግን እኔ ምንም አላረጋገጥኩም። ከዚያ በ2022 ኢመርጀንሲ የገባሁበትን ቀን ነገረኝ። ቀኑ ልክ ነው፤ የኩላሊት ጠጠር አጣድፎኝ ሌሊት ሄጄ ነበር። ግን የሆስፒታሉን ቢል ኢንሹራንሴ ከፍሏል፣ የእኔንም ድርሻ ከፍያለሁ። ይህንኑ ነገርኩት።

“ቅሬታሽን መዝግቤዋለሁ፣ ወረቀቱን እንልክልሻለን” አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጠለና “ዛሬ 50 ዶላር ብትከፍይ ግን ቅን መሆንሽ ይታያል፣ ክሬዲትሽም አይነካም” አለ፤ የዕዳ አከፋፈል ታሪክሽ ማለቱ ነው። የምሳ ዕቃዬ ጭኔ ላይ ተከፍቶ ቀዝቅዟል። ሰዓቴ ሊያልቅ ነው። የዴቢት ካርዴን ቁጥር አንድ በአንድ አነበብኩለት።

ወረቀቱን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። “መዝግቤዋለሁ” ብሎኛል ብዬ ዝም አልኩ። ኦክቶበር 4 ቀን የባንክ ሒሳቤን ሳይ ሌላ 50 ዶላር ወጥቷል። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ በየወሩ እንዲወጣ አድርጎ አስገብቶታል። በዚያች ጥድፊያ “እሺ፣ እሺ” ስል ምኑን እሺ እንዳልኩ እግዜር ይወቀው።

እሁድ ዕለት ከዕድር ስብሰባ በኋላ ደብዳቤውን ለጸሐፊያችን አሳየኋቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን ሁለት መስመሮች ላይ አሳረፉ። “አንቺ ልጅ፣ ይቺን አንብበሻታል?” አሉኝ።

የመጀመሪያው መስመር እስከዚህ ቀን ድረስ ደውለሽ ወይም ጽፈሽ ካልተቃወምሽ መረጃችን ትክክል ነው ብለን እንወስዳለን ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እስከዚህ ቀን ድረስ ከጻፍሽልን ዕዳው ያንቺ መሆኑን የሚያሳይ መረጃ እስክንልክልሽ ማስከፈሉን ማቆም አለብን ይላል።

“ሁለተኛው ላይ መደወል የሚል ቃል አለ?” ብለው ጠየቁኝ።

“የለም ጋሼ።”

“በቃ። ማስረጃ እንዲያመጡ የሚያስገድዳቸው የጻፍሽው ወረቀት ብቻ ነው።”

ይህ ከ1977 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ነው። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ይሰጣል። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የቀነ ገደቡ ቀን ራሱ ደብዳቤው ላይ መታተም አለበት። የእኔ ላይ ኦክቶበር 9 ይላል። ሦስት ቀን ቀርቶኛል። ያ ለስላሳ ሰው ይህንን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? በቀን ስንት ሰው ያናግራል! አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ዕዳውን እንደማልቀበልና ማስረጃ እንዲልኩ። አራት መስመር አይሞላም። ታሪክ አላስረዳሁም፤ እናንተም አታስረዱ። ኮፒውን አስቀርቼ በሰርቲፋይድ (ተመዝግቦ በሚላክ) ፖስታ፣ ከመድረሻ ማረጋገጫው አረንጓዴ ካርድ ጋር ላክሁት። ወደ 10 ዶላር ነው። ከዚያ ባንክ ሄጄ የወር ክፍያውን አስቆምኩ። ይህንን ከሚቀጥለው ክፍያ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ አድርጉት።

የሰብሳቢው ደብዳቤ ግርጌ ተቀድዶ የሚላክ ቅጽ አለ። “ዕዳው የእኔ አይደለም”፣ “መጠኑ ትክክል አይደለም” እያለ ምልክት የሚደረግበት። መንግሥት ያወጣው ናሙና ነው፣ ሕጋዊም ነው። እኔ ግን አትመኑበት እላለሁ። እዚያው ቅጽ ላይ “ይህን ያህል ገንዘብ አያይዣለሁ” የሚል ሣጥንም አለ። የደነገጠ ሰው እሱንም ሊሞላ ይችላል። የራሳችሁን ወረቀት ጻፉ። የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮው ሲኤፍፒቢ ናሙና ደብዳቤዎችን ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧል፣ ከዚያ መገልበጥ ይቻላል። ቢሮው ሰብሳቢውን ማነጋገር ይጠቅማል ብሎም ይመክራል። በዚህ አልስማማም። ማስረጃው እጃችሁ እስኪገባ በስልክ አንድ ቃል አትናገሩ። አንድ ዶላርም አትክፈሉ፤ መክፈል ዕዳውን እንደ ማመን ሊቆጠር ይችላል። በሜሪላንድ እንዲህ ባለ ዕዳ ለመክሰስ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው፣ ጊዜው ሳያልፍ በሚደረግ ትንሽ ክፍያ ግን እንደ አዲስ ሊጀመር ይችላል።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሳችሁ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። እዚህ ስቴት በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ለመከራከር ማሰባችሁን የሚገልጸውን ቅጽ በ15 ቀን ውስጥ ማስገባት አለባችሁ።

መልሱ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ፣ ሁለት ገጽ። ጠያቂው ሆስፒታሉ አይደለም። ያን ሌሊት ያየኝ ሐኪም የሚሠራበት ሌላ ድርጅት ነው። እዚህ አገር ሆስፒታሉ ለብቻው፣ ሐኪሞቹ ለብቻቸው ቢል እንደሚልኩ አላውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ሥራ ቀይሬ ኢንሹራንሴም ተቀይሯል። ሆስፒታሉ አዲሱን ካርዴን ተጠቀመ፤ ሐኪሞቹ ግን ያበቃውን አሮጌ ካርድ። ቢሉም የሚላከው ወደ ድሮ አድራሻዬ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ለአዲሱ ኢንሹራንሴ ደወልኩ። ሐኪሞቹ ኔትወርካችን ውስጥ ናቸው፣ ማለትም ከእኛ ጋር ውል አላቸው፣ በጊዜው ሳይጠይቁን ቀርተው ወደ አንቺ መዞር በውላችን አይችሉም አሉኝ። ይህንኑ በጽሑፍ ሰጡኝ፣ ለሰብሳቢው ላክሁት። በወሩ መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ሁለት መስመር መጣልኝ። የክሬዲት ሪፖርቴንም አየሁ፣ ንጹሕ ነው።

100 ዶላሬ ግን አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው፣ መልስ የለም። ሦስተኛው ደብዳቤ ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሰኞ በሰርቲፋይድ ይሄዳል።