ሁለት ቤት ብቻ

ዛሬ ገላን ጉራ ሄጄ ሁለት ቤት ጸበል ረጭቼ መጣሁ። ሁለት ብቻ! ታክሲ ስቀያይር ቀኑ አለቀ። ካዛንቺስ ቢሆን በአንድ ከሰዓት አሥር ቤት ገብቼ፣ በየቤቱ «አባቴ፣ ቡና ሳይጠጡማ አይሄዱም» ተብዬ ተለምኜ፣ ለሠርክ ጸሎት ደብሬ እደርስ ነበር።

ንስሐ አባትነት የእግር ሥራ ነው። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ መጠጥ እንደጀመረ የሚታወቀው በግቢው ሲታለፍ ነው። ሰው ኃጢአቱን ይዞ እስኪመጣ ከተጠበቀማ አይመጣም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ነው። ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ስሙ ቀረ። በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ ደግሞ የእኛ ሰዎች ተነሡ፤ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። እውነቱን ለመናገር፣ የቀበሌ ቤቱ ኑሮ የሚናፈቅ አልነበረም። ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት! አሁን እማማ የራሳቸው መታጠቢያ አላቸው። (የንስሐ ልጄ ናቸው፤ በዕድሜ ግን እናቴ ይሆናሉ።) ዛሬ መስቀሉን ተሳልመው ሲያበቁ እጄን አልለቅ አሉ።

«ቤቱስ ተመስገን ነው፣ አባቴ። ዕድሩ ግን ተበተነ። ቀባሪ እንዳያሳጣኝ ይጸልዩልኝ።»

ሠላሳ ዓመት የከፈሉበት ዕድር ነው። ድንኳኑ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። ጸለይኩላቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሁለተኛው ቤት የአንድ ወጣት ነው። ባለፈው ወር «አባቴ፣ በቴሌግራም ድምፅ ቀድቼ ብልክልዎት ንስሐ ይሆናል?» ብሎ ጽፎልኝ ስቄበት ነበር። አይሆንም፣ ፊት ለፊት ነው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና አልኩት። አልመጣም። ዛሬ መንገዱን ሳየው በሳቄ አፈርኩ። ቤቱ ሰው ስለነበረ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ተናዘዘ። ጎረቤት ሲያልፍ ዝም እንላለን፣ ደግሞ እንቀጥላለን።

ካዛንቺስ አካባቢ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጥቂት ልጆቼም አልቀለሉኝም። ጥበቃው ጥምጣሜን እያየ «ማንን ፈልገው ነው?» ይለኛል። ደውዬ ካላነሱ ተመላሽ ነኝ።

ማታ ደብተሬን ገለጥኩ። አርባ ሁለት ስም አለ። የአሥራ አንዱ ስልክ አይሠራም። ከሰንበቴው ማኅበርተኞች አንዷ የሁሉንም አዲስ ሰፈር ታውቃለች ይባላል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እጠይቃታለሁ።