መርዶ በስልክ

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ እኔንም ባር ባር ብሎኛል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስልክ ጠራ። ጉዳዩ ተራ ነበር፤ እስካነሳው ድረስ ግን እጄ ቀዝቅዞ ነበር። ሌላው ዓለም በዚህ ሰዓት ስልክ ሲጠራበት እንቅልፌን ረበሹኝ ብሎ ይናደድ ይሆናል። እኛ ግን መጀመሪያ የሚመጣብን «ማን ሞቶ ይሆን?» ነው። ይህን ድንጋጤ ተቀምጦ ያስተማረን ሰው የለም፤ ያደግንበት የመርዶ ወግ ነው እንዲህ አድርጎ የሠራን።

መርዶ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሚነግረው ነገር አይደለም፤ ይዶለትበታል። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ባለ መርዶው ምን ሕመም እንዳለበት ነው፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከሆነች ወራት ሊቆይ ይችላል። ቀጥሎ ሰዓቱ ይቆረጣል። ማታ አይነገርም፤ ምክንያቱም ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ጎረቤት ተኝቷል፣ ለቅሶ ደራሽም የለም። ንጋት ላይ ከተነገረ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ይጎርፋል፤ ሐዘንተኛው ለአፍታም ብቻውን አይሆንም። እራቱን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ያደረ ሰው ደግሞ ለሚመጡት ቀናት ትንሽ አቅም ይኖረዋል። ከሰማ በኋላ እህል አፉ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ ሰዎቹ ይመረጣሉ። ዘመድ፣ የሚከበር ሽማግሌ፣ የእድር ሰው፣ ኦርቶዶክስ ከሆነ የንስሐ አባት። አንዱ ይናገራል፤ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል የሚይዙት እነሱ ናቸው። የሚሰበር ዕቃ ከአካባቢው ይነሣል፣ ሕፃናት ወደ ጎረቤት ይወሰዳሉ፣ ውኃ ይቀርባል። ሴቶቹ ነጠላቸውን የሚያዘቀዝቁት ከገቡ በኋላ ነው፤ ደጅ ላይ አዘቅዝቀው ከታዩ መርዶው ሳይነገር ተነገረ ማለት ነው። ንግግሩም ቢሆን አልቆ የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሽማግሌው «እንግዲህ እግዚአብሔር ያመጣውን…» ሲል፣ የሰዎቹን ፊት ያየ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። በሙስሊም ቤተሰብ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም መጠበቂያው ጊዜ በጣም ያጥራል።

የሚገርመኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ፖሊሶች የሞት ዜና ሲያደርሱ የሚሠሩበት መመሪያ በግማሹ ከእኛ ጋር መስማማቱ ነው። በአካል ሂዱ፣ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ ይላል። የሚለያየን ሌላው ግማሽ ነው፤ በተቻለ ፍጥነት ይነገር፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፤ ቃሉ አይድበስበስ፣ «ሞቷል» ተብሎ ይነገር። ለእነሱ አክብሮት ማለት ሰውየው ከማንም በፊት እውነቱን ማወቁ ነው። ለእኛ አክብሮት ማለት እውነቱ ከመድረሱ በፊት የሚደግፈው ሰው ቀድሞ መድረሱ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ክፉ ዜና ስለሚነገርበት መንገድ በአንድ የሕክምና መጽሔት ጽፈው ነበር፤ ሐኪሙ በቀጥታ ለታካሚው ሲናገር ቤተሰቡ እንደ ጭካኔ እንደሚያየው አስረድተዋል። ሐኪሙ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ የእሱ ደግነት በእኛ ቤት የጭካኔ መልክ አለው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ወጉን ይዘውት ሄደዋል፤ የሚያደርጉትን ሳስብ አከብራቸዋለሁ። ባል ወይም ሚስት ቀድማ ትሰማለች፤ ምስጢሩን ታቅፋ እስከ ቅዳሜ ወይም እሑድ ትቆያለች፣ ምክንያቱም በሥራ ቀን ሰው አይሰበሰብም። የሥራ ተራው ይጣራል። መኪኖቹ ከቤቱ ራቅ ብለው ይቆማሉ። አፓርትመንት ከሆነ ከታችና ከጎን ያለው ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረዋል፤ አለዚያ ጩኸቱን ሰምቶ ፖሊስ ሊጠራ ይችላል። ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ገንዘብም እዚያው ይዋጣል።

ግን ሰዓቱ አልገጥም አለ። አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቀብር ሲፈጸም ዋሽንግተን ገና ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ በረራው ደግሞ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቅዳሜ እስኪደርስ ከተጠበቀ ልጅ የእናቱን አፈር ሳያይ ቀረ ማለት ነው። ኋላ «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው የለም። ይህ ጥያቄ ዘመዳሞችን ለዓመታት ሲያቀያይም አይተናል።

ፌስቡክ ደግሞ መጠበቁን ራሱ አፈረሰው። የአጎት ልጅ የሻማ ፎቶ ይለጥፋል፣ ከሥር «ነፍስ ይማር» ይደረደራል፤ ባለ መርዶዋ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ታነበዋለች። ወይም አንድ የሩቅ ዘመድ የሰማች መስሎት ይደውልና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ክፋት የለበትም፤ ግን ያ ሁሉ ዱለታ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ቃል ያልቃል። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ለመለጠፍ ከመቸኮላችሁ በፊት «ልጆቹ ሰምተዋል ወይ?» ብላችሁ ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ ሰው ጠይቁ።

ልቤን የሚበላው ግን ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ ጉዳይ ነው። ከፋላ በሚባለው፣ የውጭ ሠራተኛን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ተነሥታ መሄድ አትችልም። ብዙዎቹ በር አንኳኩቶ የሚገባ ሽማግሌ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው የላቸውም። ያላት ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም በተፈቀደላት ሰዓት። በዕረፍት ቀን የምትወጣ ጓደኛ ካለች ቤተሰቡ በእሷ በኩል ያስነግራል። ከሌለች ብዙ ቤተሰብ ይደብቃል፣ አንዳንዴ የ2 ዓመቱ ኮንትራት እስኪያልቅ። «እማዬን አቅርቡልኝ» ስትል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሏታል። ለእናቷ መድኃኒት ብላ ገንዘብ ትልካለች። ኤርፖርት ደርሳ ቤት ስትገባ ድንኳን ተተክሎ ይጠብቃታል።

ከማዕድ ቤት ጥግ ቆማ፣ ድምጿን አፍና፣ ምጣዱን ሳታወርድ ብቻዋን ብትሰማው ይሻላል? ወይስ እናቷ በሕይወት አለች ብላ ያን ያህል ጊዜ በሰላም ብትሠራና አገሯ ገብታ በሰው ተከባ ብታለቅስ? እህቶቿ ለእሷ ይህን የመወሰን መብት አላቸው ወይ? እኔ እስካሁን አልቆረጠልኝም።