ነጠላ የከበደኝ ሰሞን

አልማዝ ባለጭራ የወጣብኝ በግራ ጎኔ ነው፤ ከጡቴ ሥር ተነስቶ እስከ ጀርባዬ። ሁለት ቀን ሲያቃጥለኝ ብርድ ነው ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ችፍ አለ። ጎረቤቴ አይታ "ዞሮ ከገጠመ ይገድላል" አለችና ቅጠል ቀጥቅጣ ለጠፈችልኝ። ሐኪም ቤት የሄድኩት በሳምንቱ ነው።

ዶክተሯ ሳቀች። "እናቴ፣ ይሄ ዞሮ አይገጥምም።" በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ከዳንን በኋላም አከርካሪ አጠገብ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሳና ነርቩን ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ያ ነርቭ የሚያገለግለው አንዱን ጎን ስለሆነ ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ መሀል ደረት ላይ ይቆማል። አሲክሎቪር የሚባለው የቫይረስ መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጥ እንደነበርም ነገረችኝ። ቅጠሉ ስንት ቀን እንደበላብኝ ያኔ ገባኝ።

ቁስሉ በወሩ ደረቀ። ሕመሙ ግን ሦስት ወር አልፎትም አልለቀቀኝም። የሚገርመው፣ በመዳፌ ጫን ስለው ቀለል ይለኛል፤ የነጠላዬ ጥለት ሲዳስሰኝ ግን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው እዘላለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ግራ ጎኔ ወደ መስኮት ካልሆነ አልቀመጥም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን በቀኝ ትከሻዬ ብቻ ጣል አድርጌ ስቆም የታዘበኝ አይጠፋም።

ፓራሲታሞል በየቀኑ ቃምኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ለካ የታመመው ቆዳዬ አይደለም። ነርቩ ራሱ እንደተላጠ ገመድ ሆኖ የሌለ እሳት ያወራል። ለዚህ አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ታዘዘልኝ። ልጄ ወረቀቱን አንብባ "እማዬ፣ ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው" አለችኝ። ተናደድኩ። ሕመሜን ያላመኑኝ መሰለኝና በአምስተኛው ቀን ተውኩት። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። በትንሽ መጠን ነርቭ እንደሚያረጋጋና ሳምንታት እንደሚፈልግ የሰማሁት ከወር በኋላ ስመለስ ነው። አፍ ያደርቃል፤ የልብ ሕመም ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምረው።

ቆይቶ ጋባፔንቲን የሚባል ሌላ የነርቭ ሕመም መድኃኒት 300 ሚሊ ግራም ተጨመረልኝ። መጠኑ ከፍ ሲል አዞረኝ፤ አንድ ሌሊት ሽንት ቤት የደረስኩት ግድግዳ ይዤ ነው። ዶክተሯ አካሄዱን ዝግ አደረገችው። ይህንንም በድንገት ማቋረጥ የለም፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት ሳልነቃ ነጋ። ሰዓቱን ሳይ ማመን አቃተኝ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ካፕሳይሲን የሚባል ቅባት ላከችልኝ። ሚጥሚጣ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ያው ንጥረ ነገር ነው። ቀብቼ እጄን ሳልታጠብ ዓይኔን አሸሁ፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ስከትፍ የኖርኩ ሴት እንዲህ ልሞኝ! ለጎኔ ግን ረድቶኛል። እህቴ እዚያ ከ50 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠውን ሺንግሪክስ የተባለ የአልማዝ ባለጭራ መከላከያ ክትባት ሁለቱንም ዙር ወስዳለች፤ ቀናሁባት።

አሁን ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዘኛል። ባለፈው እሁድ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ቅዳሴ ጨረስኩ። ጥለቱን ግን ወደ ቀኝ ነው ያደረግኩት።